የፌርማታችንን ኩሬ ላስወገደችልን ቴክኒሻን ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም ጎረቤቶቼ። ይህን ክረምቱ ሳይወጣ ልጽፈው የቸኮልኩት ፀሐይ ከወጣ ሁላችንም ስለምንረሳው ነው።

የመንደራችን መውጫ ላይ ያለው የአውቶቡስ ፌርማታ በሐምሌና በነሐሴ ምን ይመስል እንደነበር ለቱሉ ዲምቱ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከላይ ከብሎኮቹ የሚወርደው ጎርፍ በሙሉ መሳፈሪያው ፊት ይተኛል። ሾፌሩ ኩሬውን ሸሽቶ አስፋልቱ መሃል ያቆማል፣ ሰልፉ ይፈርሳል። እናቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ይዘላሉ፣ ተማሪው ጫማውን በእጁ ይዞ ይሮጣል፣ ከኋላ የመጣው ሲኖትራክ ደግሞ ውሃውን ለሁሉም እኩል ይረጫል። ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ያውቀዋል፤ ቤቱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ፍሳሹ በኋላ ይታሰባል።

ዘንድሮ ኩሬው የለም። ያስወገደችልን በከተማው የሕዝብ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የምትሠራ ጀማሪ ኢንጂነሪንግ ቴክኒሻን ናት። ስሟ አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገች አልጽፈውም። ኃላፊ አይደለችም፣ መሐንዲስም አይደለችም። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በደረጃ 4 ጨርሳ፣ የሙያ ብቃት ምዘናዋን (ሲኦሲ) አልፋ የተቀጠረች ልጅ ናት። ሥራዋ መለካት፣ መመዝገብ፣ ፕላኑ ላይ ያለውና መሬት ላይ የተሠራው መግጠሙን ማየት፣ ያየችውንም ለመሐንዲሱ ማድረስ ነው። ሪባን ሲቆረጥ ፎቶ ውስጥ የማትገባ ዓይነት ሠራተኛ ማለት ነው።

ኮሚቴያችን አቤቱታ ካስገባ በኋላ የመጣችው ዝናቡ እየወረደ ነው። ጥበቃው አዝኖላት «ሲያባራ ብትመጪ አይሻልም እህቴ?» ቢላት፣ «ሲያባራማ ውሃው በየት እንደሚሄድ ማን ያሳየኛል?» ብላው ቦት ጫማዋን እንዳጠለቀች ኩሬው ውስጥ ገባች። ከዚያ ያደረገችውን ግን ከእሷ በፊት የመጣ ማንም ሰው አላደረገውም። ጥግ ላይ ጀበና ቡና ወደሚሸጡት እናት ሄዳ «እማማ፣ ይህ ፌርማታ ሳይሠራ በፊት ውሃው በየት ነበር የሚወርደው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እማማ ሲኒ እያለቀለቁ በአገጫቸው አሳዩዋት፤ «እዚያ አፈሩ የተከመረበት ጋ ቦይ ነበር ልጄ።» እውነትም ተቋራጩ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ትርፍ አፈሩን የገለበጠው ቦዩ አፍ ላይ ኖሯል።

እኛ ነዋሪዎች ብር አዋጥተን አንድ ገልባጭ ገረጋንቲ ልንደፋበት ተስማምተን ነበር። እሷ በትህትና እንዳናደርገው ለመነችን። ዝም ብላ አልከለከለችንም፣ በዓይናችን አሳየችን። ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚይዙትን ውሃ የተሞላ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ አመጣችና አንዱን ጫፍ ለእኔ አስያዘችኝ። በሁለቱም ጫፍ ውሃው እኩል ቁመት ላይ ሲረጋ፣ ከዚያ ወደ መሬት በሜትር መለካት ብቻ ነው። ውሃው ሊገባበት የተሠራው የፍሳሽ ቱቦ አፍ ከኩሬው ወለል አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። «ጋሼ፣ ውሃ ሽቅብ አይሄድም» አለችኝ። «ገረጋንቲውን ከደፋችሁት ኩሬው አይጠፋም፤ ዞሮ ወደ ምድር ቤቶቹ ነው የሚገባው። ደግሞ ከሥር ያለው መረሬ ነው፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ውሃው መውጫ ካላገኘ የምትደፉትን ሁሉ ይውጠዋል።» ብሩ ወደ ባለቤቶቹ ተመለሰ።

የለካችውን ለመሐንዲሱ አቀረበች፣ መሐንዲሱም መጥቶ አየ፣ ጥገናው ተፈቀደ። የቢሮውን ምልልስ አልተርክም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልነግራችሁ የምፈልገው የቦዩ አርማታ የተሞላ ዕለት የሆነውን ነው። ፎርማኑ ለሠራተኞቹ እንዲቀልላቸው ሚክሰሩ ላይ ውሃ አስጨመረ። ልጅቱ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነውን የብረት ቀፎ አስቀምጣ፣ አርማታውን በሦስት ዙር ሞልታ፣ እያንዳንዱን ዙር በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ወጋግታ፣ ቀፎውን ቀስ ብላ ወደ ላይ ሳበችው። አርማታው እንደ አጥሚት ተዘረጋ፤ ውሃ በዝቶበታል፣ ሲደርቅም ይደክማል ማለት ነው። ፎርማኑ «ልጄ፣ ለቦይ እኮ ነው፣ ለፎቅ መሰለሽ?» ሲላት ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ «የማጸድቅ እኔ አይደለሁም ጋሼ። ያየሁትን ግን እጽፋለሁ» አለችና መዝገቧን ከፈተች። ወዲያው ለመሐንዲሱ ደወለች፣ ያ ድብልቅ ተመለሰ። ከሚቀጥለው ላይ በ15 ሳንቲ ሜትር ሳጥን ናሙና ወሰደች፤ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ቤተ ሙከራ ተጨምቆ ጥንካሬው የሚታየው ማለት ነው። የመሳፈሪያውን ወለልም በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር እየዘቀዘቀ ወደ ቦዩ እንዲወርድ ሲባጎ ወጥራ አስተካከለችው። ግንበኛ ያለ ውሃ ልክ በግምት ሲያነጥፍ የከረመበት ሰፈር ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ዝናብ ቢወርድም አውቶቡሱ ጠርዙ ድረስ ተጠግቶ ይቆማል።

የሌላ ሰፈር ሰዎች «እንዴት አገኛችኋት?» ትሉኛላችሁ። ፈልገን አላገኘናትም፣ ተመድባ ነው የመጣችው። ግን ሥራዋን የሚያቀልላትን ነገር ከራሷ ሰምቻለሁ። «ፍሳሽ የለም» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። እየዘነበ ሳለ ከአንድ ቦታ ሆናችሁ ፎቶ አንሱ፣ ሰው ወይም አውቶቡስ አብሮ ይግባ፣ ጥልቀቱ የሚታወቀው በዚያ ነው። ቀኑንና ሰዓቱን፣ የፌርማታውን ስም ጻፉበት። ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት አስገቡና ቁጥሩን ያዙ፤ በቃል የተነገረ አቤቱታ ሜዳ ላይ ነው የሚቀረው። ቴክኒሻን ሲመጣላችሁም ውሃው ቀድሞ በየት ይወርድ እንደነበር የሚያውቅ አሮጌ ነዋሪ ካለ አገናኙት።

ልጆቻችሁ 12ኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣላቸው ቀርቶ ቤት ውስጥ ሐዘን የተቀመጣችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ አምጥታችሁ ይህቺን ልጅ ሥራ ላይ አሳዩዋቸው። ከእኔ ምክር ይሻላል።

ኮሚቴው ለመሥሪያ ቤቷ የምስጋና ደብዳቤ አዘጋጅቷል፣ ግልባጩ ከግል ማህደሯ ጋር እንዲያያዝ ጠይቀናል። ለእድገት ስትወዳደር የሚታየው ማህደሯ ነው፣ የእኛ ጭብጨባ እዚያ አይደርስም። ለአቤቱታው አንድ ሙሉ ደብተር ፊርማ የሞላን ሰዎች ለምስጋናው እስካሁን አንድ ገጽ እንኳ አልሞላንም። ወረቀቱ ሸማቾች ሱቅ ውስጥ ነው፣ እስከ ቅዳሜ ይቆያል። ስትፈርሙ የብሎክና የቤት ቁጥራችሁን አብራችሁ ጻፉ።