ሲልደናፊል ወይስ ታዳላፊል? ስኳር ላለበት ወንድ

ደሴ ላይ ስኳር ያለበት ሰውዬ ስንፈተ ወሲብ ሲገጥመው ብዙ ጊዜ ሐኪም ጋ አይሄድም። ፋርማሲ ገብቶ ሰው እስኪወጣ ይጠብቅና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያቺን ኪኒን» ይላል። የትኛዋን?

ሲልደናፊል፣ ያው ቫያግራ የምንለው፣ ከግንኙነት 1 ሰዓት ገደማ በፊት ይወሰዳል፤ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይሠራል። ጣጣው ምግብ ነው። ቅቤ የጠገበ ክትፎ በልተህ ከዋጥከው ይዘገይብሃል፣ አንተም «አልሠራም» ብለህ ሌላ ትደግማለህ፣ ይሄ ደግሞ አደጋ ነው። ታዳላፊል ምግብ አይመርጥም፣ እስከ 36 ሰዓት ይቆያል። 36 ሰዓት ቆሞ ይውላል ማለት ግን አይደለም (እንዲያ ቢሆንማ ድንገተኛ ክፍል ነው)፤ ስሜት ሲመጣ ያግዛል እንጂ። በየቀኑ የሚወሰድ 5 ሚሊ ግራምም አለው። ሰዓት መቁጠር ለሚያስጨንቀው እኔ ይሄን እመርጣለሁ።

ሁለቱም ወደ ብልት የሚሄደውን ደም ይጨምራሉ። ስኳሩ ነርቩንና የደም ሥሩን ከጎዳ ግን ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ ስኳሩን ሳይቆጣጠሩ ኪኒን መቀያየር ብር መጨረስ ነው።

ለደረት ውጋት ናይትሬት የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁለቱንም እንዳይነካ፤ የደም ግፊቱ በአንዴ ይወርዳል። ኩላሊትህ ከተነካም መጠኑ ሊቀነስ ስለሚችል ሳታፍር ለሐኪሙ ንገረው።