በትዕዛዝ ያሰራሁት አኳሪየም፦ መስታወቱ ተመችቶኛል፣ ክዳኑ አናዶኛል

አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ አኳሪየም (ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ገንዳ) ተዘጋጅቶ ሲሸጥ ማግኘት ይከብዳል። ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። በተለይ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ሰማይ ወጥቷል። ስለዚህ ያለው አማራጭ ማሰራት ነው። እኔም መስታወቱን መስታወት ቤት፣ መቆሚያውን ብየዳ ቤት፣ የእንጨት ሥራውንና የላይ ክዳኑን ደግሞ ፈርኒቸር ቤት አሰራሁ። የማንንም ስም አልጠራም። ሥራቸውን ግን ልንገራችሁ፣ ሦስቱ ጭራሽ እኩል አይደሉም።

ከመስታወቱ ልጀምር። ርዝመቱ 120 ሴንቲ፣ ወርዱም ቁመቱም 50 ነው። ጢም ብሎ ሲሞላ ወደ 300 ሊትር ይጠጋል። ደጅ ላይ ትዕዛዝ የሚቀበለው ልጅ «6 ሚሊ ይበቃል» ብሎኝ ነበር፤ ባለሙያው ከውስጥ ሰምቶ «ተው አንተ፣ ይሄ መስኮት አይደለም፣ ውሃ እኮ ይገፋል» አለና 10 ሚሊ ቆረጠልኝ። ወደድኩት። ልክ ነው ደግሞ። የውሃ ግፊት የሚጨምረው በጥልቀቱ ነው፣ ስለዚህ ውፍረት ስትመርጡ መጀመሪያ ቁመቱን እዩ። ጠርዙን ሁሉ ሞርዶታል፤ እጅ ብታሳልፉበት አይቆርጥም። ከላይ ዙሪያውን ደግሞ መሃሉ እንዳይለጠጥ ቀጭን የመስታወት ማሰሪያ አድርጎበታል።

መስታወቱን የሚያጣብቀውን ሲሊከን ሲቀባ ቤቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ። ጥሩ ምልክት ነው፣ ለአኳሪየም የሚሆነው ንጹሕ ሲሊከን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚሸተው። ግን ሽታውን ብቻ አትመኑ፣ ቱቦው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ፀረ ሻጋታ የተጨመረበት የመታጠቢያ ቤት ሲሊከን ዓሣ ሊገድል ይችላል። አንድ ሳምንት ካደረቀው በኋላ እዚያው ግቢው ውስጥ ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፎ በውሃ ሞላው፣ አሳደረው። ጠዋት ጋዜጣው ደረቅ ነበር። የቀረውን ክፍያ የጠየቀኝ ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ይባረክ።

መቆሚያው ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። ውሃው ብቻ 300 ኪሎ ነው። መስታወቱ ከ55 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ጠጠሩንና ድንጋዩን ስትጨምሩበት 400 ኪሎ ገደማ አንድ ቦታ ላይ ቆመ ማለት ነው። የቴሌቪዥን ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣለሁ የምትሉ ካላችሁ ተዉት። በያጁ ባለ 40 በ40 ሚሊ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት) ነው የተጠቀመው፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ። ደስ ያለኝ ነገር አግዳሚዎቹን ከቋሚዎቹ ጎን አልለጠፋቸውም፤ አናታቸው ላይ ነው ያሳረፋቸው። ስለዚህ ክብደቱን የሚሸከመው ብረቱ ራሱ ነው እንጂ ብየዳው አይደለም። አንቲረስቱንም (የዝገት መከላከያውን ቀለም) ሳልጠይቀው ሁለት እጅ ቀባው። ከላዩ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀ ጣውላ) ገባ፣ በሱ ላይ ደግሞ ስስ ፎም፤ ትንሽ እብጠት ወይ አሸዋ ቢኖር ፎሙ ይውጠዋል፣ አለበለዚያ መስታወቱ እዚያች ነጥብ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቤት ሲገባ በውሃ ልክ አስተካከልነው። ከሞላሁት በኋላም ከውሃው ወለል እስከ መስታወቱ አፍ ያለውን በአራቱም ማዕዘን በሜትር ለካሁ። እኩል ነው። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ሳታዙ በፊት የደረጃችሁን መታጠፊያ ለኩ፤ 120 ሴንቲ መስታወት ይዞ መዞር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

አሁን ወደ ንዴቱ። ፈርኒቸር ቤቱ በሮቹንና ክዳኑን ከችፑድ (ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ) ሠራልኝ። ኮምፔንሳቶ ብለን ነበር የተስማማነው። ከውጭ ሲታይ ያምራል፣ በፎርማይካ ተለብጧል፣ ማን ይጠረጥራል? የክዳኑ የውስጥ ጠርዝ ግን ባዶውን ነበር፣ ቀለም እንኳን አልነካውም። ከሥሩ ቀን ከሌት እንፋሎት የሚወጣ ነገር መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ እኮ! ብዙም ሳይቆይ የታችኛው ጠርዝ አበጠ፣ ፎርማይካው ከጥጉ ተላጠ። ደግሞ እንደ ድስት ክዳን ግጥም አድርገው ነው የሠሩት፤ የፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ቱቦና ሽቦው በየት እንደሚያልፍ ያሰበ የለም፣ አየር መውጫም የለውም።

ተጨቃጭቀን፣ ትንሽ ተጨማሪም ከፍዬ፣ እንደገና ተሠራ። አሁን ኮምፔንሳቶ ነው፣ ውስጡ ነጭ የዘይት ቀለም ተቀብቷል፣ ጀርባው ግማሽ ክፍት ነው፣ ፊቱ በማጠፊያ ወደ ላይ ይከፈታል። ምግብ ለመስጠት ሙሉውን ማንሳት ቀረ። ኤልኢዲ መብራቱም ውሃ የማያስገባው ዓይነት ነው፣ በቀን 8 ሰዓት ያህል ነው የማበራው፤ ከዚያ ሲበዛ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር) ይወረዋል።

ክዳን ለጌጥ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። የአዲስ አበባን የታኅሣሥ ሌሊት ረስቶ ነው። ጉፒና ሞሊ 25 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋሉ፣ ክዳን ከሌለ ማሞቂያው ሲለፋ ያድራል፣ ውሃውም ይተናል። የሚዘል ዓሣም አለ። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ከፍታው ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፈን ነው የምንኖረው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፈረንጆቹ ይህን ያህል ዓሣ ይበቃል ሲሉ ቀንሱበት፣ የአየር ፓምፕም አድርጉ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ዓሣውን ለመግዛት አትቸኩሉ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። ክሎሪኑ ከወጣ በኋላም ቆሻሻውን የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል።

ለመስታወት ቤቱ ከ10 ዘጠኝ እሰጣለሁ፣ ለበያጁ ስምንት። ፈርኒቸር ቤቱ አራት ካገኘ ይበቃዋል፣ እሱም ክዳኑን እንደገና ስለሠራው ነው። ፈርኒቸር ቤት የምትሄዱ ከሆነ የእንጨቱን ዓይነት ወረቀት ላይ አስጽፉ፣ የመቆሚያው በር ፊልተሩንና ባልዲውን እንደሚያስገባ ራሳችሁ ለኩ፣ ቀብዱንም አሳንሱት። የግራው በር አሁንም ሲከፈት ብረቱን ይነካል። ደውዬላቸዋለሁ፣ «ነገ እንመጣለን» ብለዋል፤ በደወልኩ ቁጥር «ነገ» ነው።