ጥቁር ተዋንያን የሚመሯቸው ፊልሞች፦ የትኛውን ከማን ጋር እንይ?

እዚህ ጎንደር ፒያሳ ፊልም በፍላሽ ከሚጭን ሱቅ ገብታችሁ «የጥቁሮች ፊልም አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሻጩ አንድ ማኅደር ከፍቶ ሃምሳ ስም ይደረድርላችኋል። የሚያስለቅሰው፣ የሚያስደነግጠው፣ የሚያስቀው፣ ጦርነት ያለበት ሁሉ አንድ ላይ ታጉሯል። ይህ አደራደር ሁልጊዜ ያናድደኛል። ምስር ወጥና ዶሮ ወጥ ሁለቱም ቀይ ስለሆኑ በአንድ ድስት አይሠሩም። ገዢውም ያንን ማኅደር በጅምላ አስጭኖ ቤቱ ሲገባ፣ ከእናቱ ጋር ሊያየው የማይገባውን ከእናቱ ጋር ይከፍታል፤ ብቻውን ሊያስብበት የሚገባውን ደግሞ በጫጫታ መካከል ያባክነዋል።

እኔ ቅዳሜ ማታ ቤታችን ሰው እየሰበሰብኩ ፊልም ማሳየት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። እናቴ አለች፣ ጎረቤታችን እትዬ አሉ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ የአጎቴ ልጆች አሉ፣ ሰባተኛ ክፍል የሆነው ታናሽ ወንድሜም አይቀርም። ፊልሙ ሲያልቅ ቡና ይፈላል፣ ሁሉም የተሰማውን ይናገራል። ከዚህ በታች የማወዳድረው በዚያ ቡና ላይ የተባለውን ከራሴ አስተያየት ጋር አዳብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤተሰብ ተሰብስቦ ለሚያየው ምርጫው «ዘ ፐርሱት ኦፍ ሃፒነስ» (2006) ወይስ «ሂድን ፊገርስ» (2016) የሚለው ነው። የመጀመሪያው የክሪስ ጋርድነርን እውነተኛ ታሪክ መሠረት ያደረገ ነው። ጋርድነር ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የአጥንት ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያ ተሸክሞ ከሐኪም ሐኪም እየዞረ የሚሸጥ አባት ነው። ሚስቱ ትታው ትሄዳለች፣ የቤት ኪራይ ያቅተዋል፣ ደመወዝ የሌለው የሥራ ልምምድ ላይ እያለ ትንሽ ልጁን ይዞ ጎዳና ይወድቃል። አባቱን ዊል ስሚዝ፣ ልጁን ደግሞ የስሚዝ የአብራኩ ክፋይ ጄደን ይጫወታሉ።

በባቡር ጣቢያ መጸዳጃ ቤት የሚያድሩበት ሌሊት አለ። አባትየው ልጁን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ከውጭ ሰው በሩን ይደበድባል። እሱ በሩን በእግሩ ደግፎ፣ የልጁን ጆሮ በእጁ ከድኖ፣ ድምፅ ሳያሰማ ያለቅሳል። እናቴ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አታውቅም። ያን ጊዜ ቆሎ የጨበጠው እጇ አፏ አጠገብ ቆሞ ቀረ። በሩን የሚደበድበው ሰው እስኪሄድ ድረስ ቆሎውን አልቃመችውም። «ልጁ እንዳይነቃበት ነው» አለች ቀስ ብላ። ማንም አልተረጎመላትም።

«ሂድን ፊገርስ» በዚህ በኩል ይከብዳል። ናሳ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ሦስት ጥቁር ሴቶችን፣ ካትሪን ጆንሰንን፣ ዶሮቲ ቮንንና ሜሪ ጃክሰንን ይዞ በ1962 ጆን ግሌን ምድርን እስከዞረበት ጉዞ ይደርሳል። ታሪኩ የሚሄደው በንግግርና በስሌት ስለሆነ ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ የሚተረጉም ያስፈልገዋል። እትዬ ግማሹ ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ምሕንድስና የምትማረው የአጎቴ ልጅ ግን ካትሪን ፋይሏን ታቅፋ «ለጥቁሮች» ተብሎ ወደ ተለየው መጸዳጃ ቤት በዝናብ የምትሮጥበትን ክፍል እንድደግምላት ጠየቀችኝ። በእውነተኛው ሕይወት የመጸዳጃ ቤቱ ውርደት የደረሰው በሜሪ ጃክሰን ላይ ነው፤ የመለያውን ምልክት የሚነቅለው ነጭ አለቃም ለፊልሙ የተፈጠረ ሰው ነው። ይህን ስነግራት ቅር አላት፤ «ያለቃው ይቅር፣ ስሌቱን የሠራችው ግን እሷ ናት» አለች። ልክ ናት። እንግዲህ ቤታችሁ ትልልቅ ሰዎች የሚበዙ ከሆነ የመጀመሪያውን፣ ሴት ተማሪዎች የሚበዙ ከሆነ ሁለተኛውን ግዙ። የሁለቱም ርዝመት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ የሚያሳፍር ትዕይንት የለባቸውም።

ልጆች ብቻ ከሆኑ ደግሞ «ኩዊን ኦፍ ካትዌ» (2016) አለላችሁ። ካምፓላ ውስጥ ቼዝ የተማረችው የፊዮና ሙቴሲ ታሪክ ነው። ታናሽ ወንድሜ በማግስቱ በጠርሙስ ክዳን ቼዝ ሠራ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ስለ ባርነት ከተሠሩት ውስጥ ገዢዎች አዘውትረው የሚወስዱት «ትዌልቭ ይርስ ኤ ስሌቭ»ን (2013) ነው። የማይወስዱት፣ ብዙዎቹ ስሙን እንኳ ያልሰሙት «ሳንኮፋ»ን (1993) ነው። የ«ሳንኮፋ» አዘጋጅ ኃይሌ ገሪማ በ1946 እዚሁ ጎንደር የተወለደ የከተማችን ልጅ መሆኑን ስናገር ሰው ደንግጦ ያየኛል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ።

የስቲቭ ማክዊን «ትዌልቭ ይርስ ኤ ስሌቭ» በኒው ዮርክ ነፃ ሰው ሆኖ ይኖር የነበረው ቫዮሊን ተጫዋቹ ሰለሞን ኖርዘፕ በ1841 ታፍኖ የተሸጠበት ታሪክ ነው፤ ሰለሞን ራሱ በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ተመሥርቷል። ቺዌቴል ኤጂዮፎር ሰለሞንን ይጫወታል። ሉፒታ ንዮንጎ በፓትሲ ሚና የደጋፊ ተዋናይት ኦስካር አግኝታለች፤ ፊልሙም የዓመቱ ምርጥ ተብሏል። ሰለሞን አንገቱ በገመድ ታስሮ የእግር ጣቶቹ ጭቃውን እየነኩ ሲንጠለጠል ካሜራው አይንቀሳቀስም። ከኋላው ሌሎቹ ባሮች ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ ሕፃናት ይጫወታሉ። ፓትሲ ደግሞ የምትገረፈው ለቁራሽ ሳሙና ነው። የሥዕሉ ጥራት፣ ድምፁ፣ ትወናው እንከን የለውም። ያየን ሁሉ ያን ማታ ቡና ሳንጠጣ ተበታተንን።

«ሳንኮፋ» ጥራቱ ከዚያ ያንሳል፤ ገንዘቡም ያን ያህል አልነበረም። ጋና ኬፕ ኮስት ባለው የባሪያ ንግድ ምሽግ ፎቶ ልትነሳ የመጣች ሞና የምትባል ሞዴል ወደ ኋላ ዘመን ተወስዳ ሾላ የምትባል ባሪያ ሆና ትገኛለች። ርዕሱ የአካን ቃል ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የተረሳውን ማንሳት ማለት ነው። አካሄዱ ቀስ ያለ ነው፣ ዘፈንና ሕልም ይደባለቁበታል። ከአጎቴ ልጆች አንዱ «መጀመሪያው ግራ ያጋባል» ብሏል፤ አልፈርድበትም።

ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በ«ትዌልቭ ይርስ» ሰለሞን ነፃ የሚወጣው አንድ ነጭ አናጺ ደብዳቤ ስለላከለት ነው፤ እውነቱም እንዲያ ስለሆነ ፊልሙ አይወቀስም። በ«ሳንኮፋ» ግን ባሮቹ በሌሊት ተሰብስበው ይመክራሉ፣ ይማማላሉ፣ ያምፃሉ። ሻንጎና ኑኑ የሚባሉት ሁለት ሰዎች አንገታቸውን አይደፉም። እትዬ ከፊልሙ በኋላ «እነዚህስ የሰው ልጆች ናቸው» አሉ። እኔም ፊልሙን የምወድበትን ምክንያት ከዚህ የተሻለ መግለጽ አልችልም። አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት ድርጅት ስላጣ ኃይሌ ገሪማ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ከከተማ ከተማ እየዞረ አሳይቶታል። አንዱን ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ «ሳንኮፋ»ን ግዙ፤ ሌላኛውን የትም ታገኙታላችሁ። ሁለቱም ግን ለልጅ አይሆኑም፤ መገረፍም መደፈርም አለባቸው።

የዚሁ ሰው «ጤዛ» (2008) አብዛኛው በአማርኛ ነው። ጀርመን ተምሮ በደርግ ዘመን አገሩ የሚመለሰው የአንበርብር ታሪክ ነው። አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ ያንን ዘመን ያዩ ሰዎች ቤታችሁ ካሉ ግን ከፊልሙ በኋላ የሚነግሯችሁን ለመስማት ጊዜ ያዙ።

በድርጊት ፊልም በኩል «ብላክ ፓንተር» (2018) እና «ዘ ውማን ኪንግ» (2022) ይወዳደራሉ። ወጣቶቹ ያለ ማቅማማት ቻድዊክ ቦዝማን ወደሚመራው ወደ መጀመሪያው ያዘነብላሉ። የፊልሙ ልብ ወለድ አገር ዋካንዳ ቅኝ ያልተገዛች መሆኗ ዐድዋን እየሰማ ላደገ የጎንደር ልጅ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። አልባሳቱ በእርግጥ ያምራል፤ ሩት ካርተር በዚሁ ሥራ በአልባሳት ዘርፍ ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆናለች። ሁለተኛው ቫዮላ ዴቪስ የምትመራው የምዕራብ አፍሪካዋ የዳሆሜ መንግሥት ሴት ተዋጊዎች ታሪክ ነው፤ ውጊያው የእጅና የጎራዴ ነው፣ ላቡ ይታያል። ዳሆሜ ራሷ ባሪያ ትሸጥ እንደነበር አለስልሶ በማለፉ ይወቀሳል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። እኔ ግን እንደ ፊልም ይህን አስበልጣለሁ፣ ምክንያቱም ሰዎቹ ሲመቱ ያማቸዋል።

ለሚያስፈራ ፊልም ወዳጆች የጆርዳን ፒል «ጌት አውት» (2017) ከዚያው ሰው «አስ» (2019) ይበልጥብኛል። አጠር ያለ ነው፣ መጨረሻው ይገባል፣ የሻይ ስኒ በማንኪያ ሲማሰል በሚሰማ ድምፅ ብቻ ያስፈራል። «አስ» የበለጠ ያስደነግጣል፤ ሉፒታ ንዮንጎም ሁለት ሆና ስትጫወት ድንቅ ናት፣ ነገር ግን ካለቀ በኋላ ግማሹ ተመልካች «ምን ማለት ነው?» እያለ ነው የሄደው።

የኤዲ መርፊን «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» (1988) የምትገዙ፣ ገና ሲጀምር ከወላጅ ጋር የማይታይ የገላ መታጠቢያ ትዕይንት እንዳለ እወቁ። የዴንዘል ዋሽንግተን «ማልኮም ኤክስ» (1992) ደግሞ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያልፋል፤ መብራት በሚጠፋበት ሳምንት አትጀምሩት።

ከሱቅ ሳትወጡ ፍላሹን አስከፍታችሁ መሀል ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ እዩ። እኔ የመጀመሪያውን «ሳንኮፋ» ከአንድ ሱቅ ስገዛ ከሥር የሚሄደው ጽሑፍ ከንግግሩ በብዙ ሰከንድ ዘግይቶ ነበር፤ አንዱ ሲናገር የሌላው ቃል ይነበባል። እትዬ ያንን ቅጂ አይተው ቢሆን ኖሮ ያሉትን አይሉም ነበር።

ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ስምንት እንግዶች ይመጡብናል። ለከተራ ማታ «ዘ ፐርሱት ኦፍ ሃፒነስ»ን አዘጋጅቻለሁ። «ሳንኮፋ»ን ለቃና ዘገሊላ ማታ አቆይቼዋለሁ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ።