ልጄን ኢኳዶር ተራራ፣ ጫካና ደሴት አዙራ በሰላም ለመለሰችልኝ ሴት ምስጋና አለኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን ነገር ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ነው የሰነበትኩት፣ አሁን ግን አንዷ ጓደኛዬ «ልጅሽን የላክሽበት ጉዞ እንዴት ነበር፣ የኔዋም ካልሄድኩ ብላ መድረሻ አሳጥታኛለች» ስትለኝ በቃ አንዴ ልጻፈውና ለሚፈልግ ሁሉ ይድረስ አልኩ። ይረዝማል፣ ከወዲሁ ይቅርታ።

የ16 ዓመት ልጄ የዘንድሮን ክረምት ከእኩዮቹ ጋር ኢኳዶር ነው ያሳለፈው። መጀመሪያ ተራራ፣ ከዛ የአማዞን ጫካ፣ መጨረሻ ላይ ጋላፓጎስ ደሴቶች። እውነቱን ልንገራችሁና እኔ ኢኳዶር የምትባል አገር ሙዝ ላይ ከምትለጠፈው ወረቀት ውጪ አላውቃትም ነበር፣ እሱ ግን እንስሳ እንስሳ ሲል ያደገ ልጅ ስለሆነ ጋላፓጎስ የሚለውን ስም ካየ በኋላ ማን ያስቆመው፣ አባቱም ከሱ ጋር ወገነ፣ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። እኔን ያሳሰበኝ እሳተ ገሞራውም አዞውም አይደለም፣ ልጄን የሚይዘው ማን ነው ነው። ብሮሹሩ የሚስቁ ልጆች ፎቶ ሞልቶታል፣ ስለ መሪዋ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ዛሬ የማመሰግነው እሷን ነው። የዛው አገር ልጅ ናት፣ ስሟን እዚህ አላወጣም፣ እሷም እንዳላወጣው ነግራኛለች፣ ለሚፈልግ በውስጥ እሰጣለሁ።

ገና ሳይሄዱ ራሷ ደወለችልኝ። እኔ ስለ ፕሮግራሙ ልታወራኝ ነው ብዬ ስጠብቅ እሷ ጥያቄ በጥያቄ አደረገችኝ። አስም አለበት ወይ፣ ምን መድሃኒት ይወስዳል፣ መዋኘት የሚችለው ገንዳ ውስጥ ነው ወይስ ባህር ገብቶ ያውቃል፣ ሲያመው ይናገራል ወይስ ይደብቃል? ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ገረመችኝ፣ «ኧረ ይደብቃል፣ አባቱን ነው የወጣው» አልኳት፣ ሳቀችና ጻፈችው። ከዛ በግልጽ ነገረችኝ፣ ተራራ ላይ ካመመው አስወርደዋለሁ፣ ቢያለቅስም ቢቆጣም አስወርደዋለሁ፣ ያኔ እንዳትከራከሪኝ አለችኝ። እኔ እንደዚህ የሚያናግረኝ ሰው ነው የምወደው።

ሌላው ዝግጅት ያው ወረቀት ነው፣ የሁለታችንም ፊርማ ያለበት በኖተሪ የተረጋገጠ የወላጅ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ (እዚህ ጋር ተጠንቀቁ፣ ከፍታ ቦታ ላይ መራመድንና በድንገት ሆስፒታል መወሰድን የሚሸፍን መሆኑን አንብቡ፣ ርካሾቹ አይሸፍኑም)፣ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት። ክትባቱ ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት፣ የመጨረሻ ሳምንት ላይ ሩጫ አይሆንም። ይሄን ሁሉ እሷ ናት በየጊዜው በዋትሳፕ እየጎተጎተች ያስጨረሰችን።

ጉዞው ገና ከጅምሩ ችግር ገጠመው፣ ሻንጣው ትራንዚት ላይ ቀረ። አየር መንገዱን አልጠራም፣ የደወልኩበት ሁሉ «እየተከታተልን ነው» ከማለት ውጪ ጠብ ያለ ነገር የለም። ዋና ከተማቸው ኪቶ ደግሞ ስሙ የምድር ወገብ ላይ ነው እንጂ 2,850 ሜትር ላይ ያለ ከተማ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ልጄ በአንዲት ሹራብ ነው የደረሰው። እሷ ምን አደረገች መሰላችሁ፣ የወንድሟን ጃኬትና ቦት ጫማ ከቤቷ አምጥታ አለበሰችው፣ ሻንጣውም ሲመጣ እነሱ ከተማውን ለቀው ስለነበር በሰው አስይዛ ያሉበት ድረስ አስመጣችለት። መድሃኒቱንና አንድ ቅያሪ ልብስ ደግሞ ቀድማ ስላስጠነቀቀችን በእጅ ሻንጣው ነበር የያዘው። ለእኔ አንድ ሳንቲም አልጠየቀችኝም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ልጄ ኪቶ ላይ የሰማው ነው፣ እኔም አላውቅም ነበር። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገባቸው ቦታዎች 12 ብቻ ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ ኪቶ ከተማና ጋላፓጎስ አሉ፣ ላሊበላና ሰሜን ተራሮችም አሉ። ይሄን መሪዋ ናት የነገረቻቸው፣ ከዛ ወደ ልጄ ዞራ «በል አሁን አንተ ስለ ላሊበላ ንገረን» አለችው። ደንግጦ ያቺን የሚያውቃትን ታህል አወራ፣ ማታ ደውሎ «እማዬ ላሊበላ ስንት ቤተክርስቲያን ነው ያለው፣ 11 ነው አይደል?» አለኝ። 11 ነው አልኩት። ስንት ዓመት ስለምነው ያልጠየቀኝን ነገር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ኮቶፓክሲ። 5,897 ሜትር ነው፣ በረዶ የለበሰ እሳተ ገሞራ። ልጆቹ ጫፉ ድረስ አይወጡም፣ መኪናው 4,600 ሜትር ገደማ ላይ ያቆምና ከዛ 4,860 ሜትር አካባቢ ያለችው ማረፊያ ቤት ድረስ በእግር ነው። ሲያዩት ቅርብ ነው፣ ቤቷ ከታች ሆና ትታያለች፣ ግን መንገዱ አሸዋማ ነው፣ አንድ እርምጃ ሄደህ ግማሹን ትንሸራተታለህ፣ አየሩ ደግሞ የባህር ጠለል ላይ ካለው ኦክስጅን ግማሹን ትንሽ ቢያልፍ ነው የሚሰጥህ። እሷ በቀጥታ አላወጣቻቸውም፣ መጀመሪያ ኪቶ አሳደረቻቸው፣ ከዛ ኪሎቶአ የሚባል እሳተ ገሞራ ውስጥ የተኛ አረንጓዴ ሐይቅ አለ፣ ጠርዙ 3,900 ሜትር ያልፋል፣ እዛ አለማመደቻቸው፣ ሁለተኛ ጋይድም ከቡድኑ ኋላ ይሄድ ነበር።

ልጄ እንደፈራሁት ራሱን ሲያመው ደበቀ። እሷ ያወቀችው በምን መሰላችሁ፣ በጃኬቱ ዚፕ። ነፋስ መጣ፣ ሁሉም ዚፑን ዘጋ፣ የሱ ጣት ዚፑ ላይ ይንከላወሳል፣ ማስገባት አቃተው። ምንም ሳትል ጠጋ ብላ አሸዋው ላይ በዱላዋ መስመር አሰመረችና ተረከዙን ከጣቱ እያገጠመ በመስመሩ ላይ እንዲሄድ አደረገችው፣ ሁለቴ ተንገዳገደ። በቃ። ጓንቷን አውልቃ ቦርሳውን ከጀርባው ተቀበለችው። እሱ «ቤቷ እኮ እየታየች ነው፣ አስር ደቂቃ ብቻ» ብሎ ተከራከራት፣ እሷም «አውቃለሁ፣ እንሂድ ወደታች» አለችው። ሌሎቹን ከሁለተኛው ጋይድ ጋር ወደላይ ላከች፣ ራሷ እጁን ይዛ ወረደች። የከፍታ ህመም አንዴ መራመድና ማሰብ ላይ ከመጣ ቶሎ ነው የሚከፋው፣ ሁነኛው መድሃኒቱ መውረድ ነው፣ ቁጭ ብሎ ማረፍ አይደለም። ከተራራው ስር ያለው ሊምፒዮፑንጎ ሐይቅ ሲደርሱ ራስ ምታቱ ለቀቀው፣ ኩርፊያው ግን አልለቀቀውም።

እዚህ ጋር ነው እኔ እጅ የነሳሁላት። ልጄ ደውሎ ከመክሰሱ በፊት እሷ ደውላ ነግራኝ ነበር፣ ምን አየች፣ ምን አደረገች፣ አሁን እንዴት ነው፣ ማታ ደግሞ ስንት ሰዓት ላይ እንደምትደውልልኝ፣ በዛችው ሰዓት ደወለች። ሌላ ሰው ቢሆን «ትንሽ ደክሞት ነበር» ብሎ ያልፋት ነበር፣ ወይ ደግሞ ወላጅ ከፍሏል፣ ልጁም ይፈልጋል ብሎ ያወጣው ነበር። ለልጄም ለብቻው አስቀምጣ ከሱ በላይ ጠንካራ የሆኑ ሰዎች እዛ ተራራ ላይ ሲወድቁ እንዳየች ነግራዋለች፣ ሌሎቹ ፊት ግን አንዲት ቃል አልወጣትም፣ ማንም እንዲስቅበት አላደረገችም። ጎረምሳ ላለው ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ጫካውን ባጭሩ ላድርገው፣ ምክንያቱም ኔትወርክ ስላልነበር እኔም የማውቀው የነገረኝን ነው። ናፖ ወንዝ ዳር ኪችዋ የሚባሉ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ማህበረሰብ ጋር ነው ያረፉት። ሌሊት ተነስተው ጓዩሳ የሚባል ቅጠል አፍልተው እሳት ዙሪያ ቁጭ ብለው ይጠጣሉ አሉ፣ የሌሊት ህልማቸውንም እዛው ይነጋገራሉ፣ ለትምህርት ቤት ሦስቴ ቀስቅሼው የማይነሳው ልጅ እዛ ሳይጠሩት ተነሳ። ቦቲ ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት ገልብጣችሁ አራግፉ፣ ግንድ ከመደገፋችሁ በፊት እዩ፣ ኮንጋ የሚሏት ጉንዳን አለች፣ ከነደፈች ቀኑን ሙሉ ነው የምታቃጥለው። ማታ በግንባር ባትሪ ወንዙን ሲያበሩበት የካይማኖቹ (የአዞ ዘመዶች ናቸው) አይን ቀይ ሆኖ ይመልሳል አለኝ፣ ይሄን ሲነግረኝ እንኳን ቤት ተመልሶ ነበር፣ አሁንም ልቤ ይመታል። ስለ ያሱኒም ተምሮ መጥቷል፣ በ2023 የአገሩ ሰው ድምፅ ሰጥቶ በያሱኒ ፓርክ ውስጥ አንዱ የነዳጅ ቦታ ዘይቱ መሬት ውስጥ ይቅር ብሏል፣ 59 በመቶ ገደማ ነው የደገፈው፣ አሁን እራት ላይ የምንሰማው ይሄንን ነው።

ጋላፓጎስ ላይ ግን ልቆይ። ከዋናው መሬት 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ በአውሮፕላን ነው የሚገባው፣ ሻንጣ ይፈተሻል፣ ፍራፍሬ፣ ዘር ምናምን አይገባም። አገሩ የሚጠቀመው በአሜሪካ ዶላር ነው። የፓርኩ መግቢያ ከኦገስት 2024 ጀምሮ ለውጭ አገር ሰው 200 ዶላር ሆኗል፣ ግማሽ የሚከፍሉት ከ12 ዓመት በታች ያሉት ናቸው፣ ስለዚህ ጎረምሶቻችን ሙሉውን ነው፣ በዛ ላይ 20 ዶላር የመግቢያ ካርድ አለ። ዋጋ ሲነግሯችሁ ይሄ ውስጡ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ እኛ ጋር ነበረበት።

ሰው ጋላፓጎስ ሲባል ሙቅ ባህር ይመስለዋል። በነሱ ጁላይና ኦገስት ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ከደቡብ የሚመጣ ቀዝቃዛ የባህር ጅረት አለ፣ በዛ ምክንያት ነው እንኳን ሌላው ፔንግዊን ምድር ወገብ ላይ የሚኖረው። ባህሩም ይናወጣል። ከሳንታ ክሩዝ ደሴት ወደ ኢሳቤላ ደሴት በፈጣን ጀልባ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ግማሹ ቡድን ሲያስመልስ ነው የደረሰው፣ እሷ ቀድማ ቁርስ አቅልላባቸው፣ ኋላ ወንበር አስቀምጣቸው፣ አይናቸውን አድማስ ላይ እንዲያደርጉ ነግራቸው፣ ከረጢቱን ደግሞ በእጇ ይዛ አንድ በአንድ ስታስተናግዳቸው ነበር አሉ። የኔው ልጅ አልተነካም፣ ለኮቶፓክሲው ካሳ ነው መሰለኝ።

እዛ ፓርኩ ፈቃድ የሰጠው ጋይድ ተጨመረላቸው፣ እሱንም አብሬ አመሰግናለሁ። ህጉ ከእንስሳ 2 ሜትር መራቅ ነው፣ ፍላሽ ክልክል ነው፣ ከመንገድ መውጣት ክልክል ነው። ችግሩ እንስሳቱ ህጉን አያውቁም፣ የባህር አንበሳው የመንገድ ዳር አግዳሚ ላይ ሰው መስሎ ይተኛል፣ ኢጉዋና የሚባለው ትልቅ እንሽላሊት መንገድ መሃል ተዘርግቶ ጨው በአፍንጫው ያስነጥስብሃል። አንዱ የባህር አንበሳ ግልገል እየተንፏቀቀ ልጆቹ ጋር መጣ፣ አንዷ ልጅ እጇን ልትዘረጋ ስትል ጋይዱ አልጮኸባትም፣ «እሱ ወደ እኛ ከመጣ እኛ ወደ ኋላ» ብሎ ሁሉንም እኩል ወደ ኋላ አስኬዳቸው፣ ከዛ እናትየው ልጇን የምትለየው በጠረኑ እንደሆነ፣ የሰው እጅ ጠረኑ ላይ ችግር እንደሚፈጥር አስረዳቸው። ልጄ ቪዲዮውን አሳይቶኛል፣ ግልገሉ አንድ እርምጃ ሲመጣ ቡድኑ በሙሉ አንድ እርምጃ ይመለሳል፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ባህር ገብቶ የማያውቀውን ልጄንም ጋይዱ ዝም ብሎ አልወረወረውም፣ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው ማስኩን መተንፈስ አስለምዶት፣ ተንሳፋፊ አስይዞት ነው ቀስ ብሎ ያስገባው። በሦስተኛው ቀን የባህር ኤሊ ከስሩ አለፈች።

ሁሉም ነገር ማር ነበር አልልም። ዋጋው አይቀመስም፣ ባለፈው ዓመት ጀምረን ነው ያጠራቀምነው። ሩዝና የሚጠበስ ሙዝ ሰልችቶኛል ብሎ ነው የመጣው። እሷም ጠበቅ ትላለች፣ ምግብ ላይ ስልክ ትሰበስባለች፣ ማታ ሰዓት ታከብራለች፣ አንዳንድ ወላጅ በዚህ አኩርፎ ነበር፣ ልጄ ፎቶ አልላከልኝም ብሎ። እኔ ግን አስሬ ፎቶ ከምትልክልኝ ያቺን አንዷን ስልክ ብትደውልልኝ ይሻለኛል። ልጃችሁ እንቢ ሲባል የማይሰማ ከሆነ ወይም ምቾት ጎደለኝ የሚል ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

እመቤቴ፣ ይሄን አማርኛ ማንበብ አትችዪም፣ ልጄ ቁጭ ብሎ ተርጉሞ ሊልክልሽ ቃል ገብቷል። እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ ልጄን እንደ ልጅሽ ይዘሽዋል። የወንድምሽ ጃኬት ታጥቦ በፖስታ ተልኳል።

ለሚቀጥለው ክረምት የምታስቡ ካላችሁ ከአሁኑ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ቡድኑ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሞላል፣ አድራሻዋን እሰጣችኋለሁ፣ እሷም ፈቅዳለች። ስለ ክፍያና ስለ ወረቀት እኔን ጠይቁኝ። ስለ እንስሳቱ ከሆነ ልጄን አገናኛችኋለሁ፣ ግን ሰፊ ጊዜ ይዛችሁ ደውሉ።