ሳሙና፣ የኒም ዘይት ወይስ ተባይ በሊታ ነፍሳት? ለክረምት ግሪንሃውስ የቱ ይገዛ?

ክረምት ስል ሐምሌና ነሐሴን አይደለም፤ የአሜሪካዎቹን የሜሪላንድና የቨርጂኒያን ብርድ ነው። እዚህ ጓሮው ውስጥ ቃሪያና ኮሰረት የሚያበቅል ሰው፣ ውርጭ ሳይቀድመው ተክሉን ትንሿ ግሪንሃውስ ውስጥ ያስገባል። ተባዩም አብሮ ይገባል።

ነጭ ዝንብ አረንጓዴ ቅጠል ካላገኘች አትከርምም፤ ከቅጠሉ ሥር ተለጥፋ ትቆያለች። የተክል ጭማቂ የሚመጠው ክሽክሽ ሙቀት ካገኘ ያለ ወንድ ዓመቱን ሙሉ ይራባል። ቀይ ሸረሪት የምንላት ደቃቅ ተባይ ግን ብልጥ ናት። ቀኑ ሲያጥር ሴቶቹ ብርቱካንማ ቀለም ይዘው መብላት ያቆማሉ። ከዚያ እንጨት ስንጥቅ፣ ድጋፍ ዘንግ፣ የተረሳ ገመድ ውስጥ ይገባሉ። ጥር ላይ «ጠፉልኝ» ብለህ መጋቢት ላይ ቅጠሉ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ይሆንብሃል። ስንጥቅ ውስጥ የተኛችን ደግሞ የትኛውም ርጭት በቀላሉ አያገኛትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢ ብሩሽ ነው፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና መደርደሪያውን ፈትግ፣ አረሙን ንቀል።

አሁን ወደ ገበያው። ለተክል ተብሎ የሚሸጠው ፀረ ተባይ ሳሙና ርካሽ ነው፤ ግን የሚገድለው ያረጠበውን ብቻ ነው። ከደረቀ አበቃ። እንቁላልም አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ስለዚህ በየ5 እስከ 7 ቀኑ ከቅጠሉ ሥር መድገም ግድ ነው። የቧንቧ ውሃህ ማዕድን የበዛበት ከሆነና ሲበጠበጥ ነጭ አረፋ ነገር ከረጋበት ኃይሉ ይቀንሳል፤ ማዕድኑ የወጣለት (ዲስቲልድ) ውሃ ተጠቀም። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ምትክ አይሆንም፤ ቅጠል ሊያቃጥል ይችላል።

የኒም ዘይት ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ጠርሙሱን አገላብጠህ አንብብ፦ አዛዲራክቲን (የኒም ዋናው ፀረ ተባይ ንጥረ ነገር) ያለበት የተባዩን ዕድገት ያደናቅፋል፤ እሱ የወጣለት ዘይት ግን በዋናነት የሚሠራው አፍኖ ነው። ዋጋቸው ቢቀራረብም ሥራቸው አንድ አይደለም። በብርዱ ጊዜ በተዘጋ ቤት ውስጥ ዘይቱ ቶሎ ስለማይደርቅ ቅጠል ሊጎዳ ይችላል፤ ጠዋት እርጭ። ሽታውም አለ። ቅቤ ላነጥርበት ያሰብኩትን ኮሰረት እኔ በኒም አልነካውም።

ተባይ በሊታዎቹ የሚያምሩ ናቸው፤ ግን ብርድ አይወዱም። ቀይ ሸረሪትን ብቻ የምትበላው ፊቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ (68 ፋራናይት) በላይና ከ60 በመቶ ያላነሰ እርጥበት ትፈልጋለች። ነጭ ዝንብ ውስጥ እንቁላሏን የምትጥለው ትንሽ ተርብ፣ ኢንካርሲያ ፎርሞሳም ከ18 ዲግሪ በታች ትለግማለች። ግሪንሃውስህን ውርጭ እንዳይገባ ያህል ብቻ የምታሞቀው ከሆነ ብርህን በረዶ ላይ እንደመበተን ነው። በዚያ ላይ በሕይወት እንዲደርሱ በፍጥነት መላክ አለባቸውና፣ የመላኪያው ሒሳብ ከነፍሳቱ ሊበልጥ ይችላል። ፀደይ እስኪመጣ ታገስ።

ከዚህ ወገን ብርዱን የምትችለው ስታይነርኔማ ፌልቲዬ የምትባለው በዓይን የማትታይ ደቃቅ የአፈር ትል ናት። እርጥብ አፈር ውስጥ የሚፈለፈሉትን የጥቃቅን ጥቁር ትንኞች እጭ ታጠፋለች፤ የአፈሩ ሙቀት 10 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ይበቃታል። በውሃ በጥብጠህ ታጠጣለህ፣ እስክትጠቀምባት ፍሪጅ ትቀመጣለች። እውነቱን ለመናገር ግን ውሃ ማጠጣት መቀነስ ብዙ ጊዜ ግማሹን ሥራ ይሠራል፤ እሱ ደግሞ በነፃ ነው።

ቢጫ ማጣበቂያ ካርድ መድኃኒት ሳይሆን ዘበኛ ነው። የሚበርረውን ይይዛል፤ ክንፍ የሌላትን ቀይ ሸረሪት ግን በአጉሊ መነጽር ራስህ ፈልጋት።

ፒሬትሮይድ የሚባሉትን ጠንካራ መርዞች፣ በፀደይ በሊታ ነፍሳት የመግዛት ሐሳብ ካለህ ጨርሶ አትንካ። ቅሪቱ ለሳምንታት ይገድላቸዋል።

ታዲያ እኔ ብሆን? ሌሊት ቤቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድ ከሆነ ብሩሽ፣ ካርድና ሳሙና፤ ሌላ ምንም። ሌሊቱን ሙሉ 18 እና ከዚያ በላይ የሚያሞቅ ሰው ኢንካርሲያን አሁኑኑ ማዘዝ ይችላል፤ ከገባች በኋላ የነጭ ዝንቧ ልጆች ከነጭ ወደ ጥቁር ሲለወጡ ካየ ሥራ ጀምራለች ማለት ነው።