ሬድ ላይን ኤምቲ-90 የካምቢዮ ዘይት፦ የትኛውን የማርሽ ችግር ይፈታል፣ የትኛውን አይነካም?

ማርሽ አልገባ ሲል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው የካምቢዮ ዘይት መቀየርን ነው። ሬድ ላይን ኤምቲ-90 ደግሞ በዚህ ጊዜ ስሙ ቶሎ ከሚነሳ ዘይቶች አንዱ ነው። ሲንተቲክ ነው፤ ውፍረቱ 75ደብሊው-90፣ ደረጃው ጂኤል-4 (የማርሽ ዘይት ጫና የመቋቋም ደረጃ)። በጣም ጥሩ ዘይት ነው፤ ጥሩነቱ የሚታየው ግን ጣጣው በእርግጥ ከዘይት በሆነ መኪና ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መኪናውን መርምሩት።

ሞተሩን አጥፉና ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገቡ። አንዱ እምቢ ቢል ጥርስ ከጥርስ ገጥሞ ሊሆን ስለሚችል መኪናውን ገፋ አድርጋችሁ ድገሙት። ሞተሩ ጠፍቶም ሁሉም ማርሽ ከከበደ፣ ወይም የማርሽ ዘንጉ ያለ ልክ ወዲያ ወዲህ የሚዋልል ከሆነ፣ በቅድሚያ ከካምቢዮው ውጭ ያለውን እዩ፦ የደረቀ የማርሽ ኬብል፣ የተበላ ቡሽ፣ የላላ ማያያዣ። እነዚህን ዘይት አያገኛቸውም።

ሞተሩ ጠፍቶ ያለ ችግር እየገባ፣ ሲነሳ ግን የሚያስቸግር ከሆነ ተጠርጣሪው ፍሪሲዮኑ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ርገጡ፣ 4 ወይም 5 ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገቡ። በብዙ መኪኖች የኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር፣ ማለትም ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያስተካክለው ክፍል፣ የለውም፤ ስለዚህ ከጠበቃችሁ በኋላም ከተፋጨ ፍሪሲዮኑ ጨርሶ አልለቀቀም ማለት ነው። ፔዳሉን ደጋግማችሁ ስትረግጡት የሚሻሻል ከሆነ የፍሪሲዮኑ ፈሳሽ መስመር ውስጥ አየር ገብቷል፣ ወይም ከላይኛውና ከታችኛው ሲሊንደር አንዱ ግፊት አይይዝም። የታችኛውን ሲሊንደር የጎማ ሽፋን ገለጥ ብታደርጉት ፈሳሽ አቅርሮ ታገኙ ይሆናል። ፍሪሲዮኑ በኬብል የሚሠራ ከሆነ ማስተካከያው ላልቶ እንደሆነ እዩ። ፍሪሲዮን በማይለቅ መኪና ላይ ኤምቲ-90 መጨመር ገንዘብ መጣል ነው።

ዘይቱ ዋጋውን የሚያወጣው ሲንክሮናይዘሩ ላይ ነው። ማርሽ ስታስገቡ የናስ ቀለበቱ በማርሹ ሾጣጣ ገጽ ላይ ይጫንና በሰበቃ ሁለቱን እኩል ፍጥነት ላይ ያደርሳቸዋል። ይህን ለማድረግ በመሃል ያለውን ስስ የዘይት ሽፋን ሰንጥቆ ብረቱን መያዝ አለበት። ዘይቱ ከልክ በላይ የሚያንሸራትት ከሆነ ቀለበቱ አይዝም፣ ፍጥነቱ ሳይስተካከል ጥርሶቹ ይገናኛሉ፣ መፋጨቱ የሚሰማውም ያኔ ነው። ለዲፈረንሻል የተሠራ ጂኤል-5 ካምቢዮ ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው። ጂኤል-5 ከፍተኛ ጫና የሚችል ቅመሙ ከጂኤል-4 በእጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ውስጡ ያለው ድኝም እንደ ዓይነቱ ናስ ሊበላ ይችላል። ኤምቲ-90 ናስ የሚበላ ድኝ የለበትም፣ ሰበቃውም ለሲንክሮናይዘር የተመጠነ ነው።

ስለዚህ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ 1ኛና 2ኛ ማርሽ የሚከብድ፣ ሲሞቅ የሚላላ፣ ወይም ቀድሞ ጂኤል-5 የተሞላበት ካምቢዮ ከሆነ ለውጡ ይታያል። አንድ ማርሽ ብቻ፣ ለምሳሌ ከ3ኛ ወደ 2ኛ ስትመልሱ ብቻ የሚፋጭ ከሆነ ግን የዚያ ማርሽ ቀለበት ሳያልቅ አልቀረም። ኒውትራል ላይ ፍሪሲዮን ለቃችሁ ጋዝ ነካ አድርጉና እንደገና ረግጣችሁ 2ኛ አስገቡ። በዚህ መንገድ ሳይጮህ ከገባ ጥርጣሬው ትክክል ነው። ዘይቱ ጥቂት ያለሰልሰው ይሆናል፤ ያለቀ ናስ ግን አይመልስም። ጋዝ ስትለቁ ማርሽ የሚተፋ ካምቢዮም መፈታት አለበት። ኒውትራል ላይ እያጓራ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ዝም የሚል ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ ነው።

ለመቀየር ከወሰናችሁ መጀመሪያ የሚፈታው የመሙያው ብሎን ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ዘይቱን አፍስሶ መሙያው ዝጎ ካልተፈታ መኪናው ካምቢዮው ባዶ ሆኖ ስለሚቀር ነው። ጥቂት ነድታችሁ ዘይቱ ሞቅ ሲል አፍስሱ፣ መኪናው ግራ ቀኝ፣ ፊትና ኋላ እኩል ይቁም፤ በክሪክ ብቻ ተደግፎ ከሥር አትግቡ። የማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ካለው የያዘውን ብናኝ ጣታችሁ ላይ አሽት አድርጋችሁ እዩት። እንደ ቅባት የላመ ግራጫ ብናኝ የተለመደ ነው። ወርቃማ ብልጭታ ዘይቱ ውስጥ ከታየ የሲንክሮናይዘር ናስ እየተበላ ነው፤ ማግኔት ናስ ስለማይስብ የፈሰሰውን ዘይት ብርሃን ላይ ማየት ያስፈልጋል። የጥርስ ስባሪ ከወጣ አዲሱን ዘይት አትሙሉ። አዲስ ዋሸር አድርጉ፣ ከዚያ መሙያው ቀዳዳ ላይ ሞልቶ መንጠባጠብ እስኪጀምር በስሪንጅ ወይም በቱቦ ሙሉ። አንዳንድ ካምቢዮ ልኩ ከቀዳዳው ዝቅ ስለሚል መመሪያውን እዩ።

ጠርሙሱ 0.946 ሊትር ብቻ ነው፤ 2.3 ሊትር የሚይዝ ካምቢዮ ሦስት ይፈልጋል፣ ዋጋውም ከተራ የማዕድን ዘይት ይበልጣል። ትልቁ ገደቡ ግን ውፍረቱ ነው። የመኪናው መመሪያ ኤቲኤፍ (የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት) ወይም ቀጭን የካምቢዮ ዘይት የሚያዝ ከሆነ ኤምቲ-90 በብርድ ማርሹን የበለጠ ያከብደዋል። 75ደብሊው-80 ለሚጠይቅ ካምቢዮ የዚሁ አምራች ኤምቲኤል ይሻላል። በኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና ካላችሁ ደግሞ የተረፈውን ዲፈረንሻል ውስጥ አትጨምሩ፤ እየተንሸራተቱ የሚገጥሙት የሃይፖይድ ጥርሶቹ የሚፈልጉት ጂኤል-5 ነው።