የእናቴ የኮሌስትሮል ምርመራ፦ በውጤት ወረቀት ጀርባ ላይ የተሣለው ሥዕል

እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ቀጭን ናት፤ ጾም አታፈርስም። «ኮሌስትሮል የጮማ በሽታ ነው፣ እኔ ጋ ምን ሊሠራ!» ስትል ኖራለች። እህቷን ድንገት ልቧን ሲያማት ግን ሁላችንም ደነገጥን። እጇን ይዤ መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ለምርመራና ለሐኪም 1,800 ብር ከፈልን።

ቅር ካሰኘኝ ልጀምር። በባዶ ሆድ ኑ ስላሉን ከማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ጠዋት 1 ሰዓት ደርሰን ደም የሰጠችው 4 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ውጤቱን ደግሞ በመስኮት «ከፍተኛ ነው» ብለው ሰጡን። ኤልዲኤል (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) 172፣ በቃ። ሐኪም የሚገኘው በማግስቱ ነበር። እማዬ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ይህ መታረም አለበት።

ሐኪሙን ግን አመሰግናለሁ። «እማማ፣ አረፍ ይበሉ» ብሎ ወረቀቱን ገልብጦ የደም ቧንቧ ሣለላት። ኤልዲኤል ሲበዛ በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ይበላሻል። ማክሮፌጅ የሚባሉት የበሽታ መከላከያ ሴሎች ሊያጸዱ ይደርሳሉ። ሥራቸው መብላት ነው። ይበላሉ፣ ይበላሉ። በስብ ተሞልተው በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አረፋ ስለሚመስሉ የአረፋ ሴሎች ይባላሉ። ብዙዎቹ መውጣት አቅቷቸው እዚያው ይሞታሉ፤ ቦታው ይቆጣል፣ ክምችቱ ያድጋል። አንድ ቀን ሲቀደድ ደም ይረጋበታል። ልብ ወይም አንጎል ደም የሚያጣው ያኔ ነው።

«ታዲያ የበሉትን ለምን አያስወጡትም?» አለች እማዬ። ጥያቄዋ ደስ አለው። ያስወጣሉ አላት። ሴሉ ላይ ኮሌስትሮል የሚያስወጡ በሮች አሉ፤ ጥሩ ኮሌስትሮል የሚባለው ኤችዲኤል ተቀብሎ ወደ ጉበት ይመልሰዋል። ዕድሜ ሲገፋ ግን በሮቹ ሊሳሱ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያረጁ አይጦች ማክሮፌጅ ላይ ኤቢሲኤ1 የተባለው በር ቀንሶ አግኝተዋል። የበሉትን ማስወጣት የከበዳቸው ለዚህ ነበር።

ስለ ጾሙም አልሸፋፈነላትም። አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው የራሳችን ሰውነት ነው፤ በተለይ ጉበት። በዚያ ላይ የጾም ወጡን የምንሠራው በሚረጋው ዘይት ነበር፤ እሱ ደግሞ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። እኔም ይህን አላውቅም ነበር። ዘይቱን በፈሳሽ ቀየርን። ጉበት ኮሌስትሮል መሥራቱን የሚቀንሰውን አቶርቫስታቲን የተባለ መድኃኒት 20 ሚሊ ግራም አዘዘላት።

ከሦስት ወር በኋላ ኤልዲኤሏ 96 ሆነ። ለዚህኛው ምርመራ ቁርሷን በልታ ነው የሄደችው፤ ትራይግሊሰራይዷ (በደም ውስጥ ያለ ሌላው ስብ) ከፍ ያለ ስላልነበር ሐኪሙ ባዶ ሆድ አያስፈልግም ብሎ ጽፎላት ነበር።

ወላጆቻችሁን ለዚህ ምርመራ የምትወስዱ ሁሉ፣ ውጤቱ በሚደርስበት ቀን ሐኪም መኖሩን ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።